ጀልባው እንዳይፈለጥ

ጓድ ደርበው፣

ወደ ፍኖተ ሰላም መሄዴ ነው። አውቶቡሱ ጡሩምባ እየነፋ ስለሆነ በአጭሩ ልጻፍልህ።

የመንገድ ሥራ ሰዎች ጥለውልን የሄዱት ጀልባ ውስጥ ውኃ የሞላሁት አብጄ አይደለም። እንዳትደፋው!
የላላ መጥረቢያ እጀታው ውኃ ውስጥ ሲነከር አብጦ እንደሚጠብቅ፣ የደረቀ ጀልባም እንደዚያው ነው። አንተ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኸው ግን ስንጥቁን እንደ ንብ ቀፎ በእበት ለቀለቅኸው። ዓባይ ላይ ሲሟሟ ዓሦቹም ይስቁብህ ነበር።

እትዬ ጌጥነሽ ለባላቸው ተዝካር ማገዶ እናድርገው ብለው ከመጡ፣ «እስከ እሑድ ይታገሡን» በላቸው። እሑድም ካፈሰሰ እኔው ራሴ እፈልጥላቸዋለሁ።

በቀበሌው ስብሰባ «ይህ የወፍጮ ሞተር እንጂ የጀልባ የት ያውቃል!» ብለህ ሕዝቡን አሳቅህብኝ።
አልረሳሁትም።

የጀልባው ሞተር ሞቷል ያልሁህም ለዚሁ ነው። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ነቅዬ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ትራሴ ሥር አለልህ፤ ግጠመውና ገመዱን ሳበው። የሚያቀዘቅዘው የወንዙ ውኃ ስለሆነ፣ በደረቁ ይግላልና ብዙ አታስጩኸው።

ሲነሣልህ ደግሞ «ራሴ ጠገንሁት» ብለህ ቡሬን እንዳትዞር።

ሙሉሰው