ጭቃ ወይስ ድንጋይ?

ግንበኛው ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጭንቅላቴ ግን ዞሯል። መርከባችን ወደ ባሕሩ ወለል ድምፅ እየላከች የሚመለሰውን ታዳምጣለች፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ካርታ እንሠራለን። ዛሬ ጠዋት ስክሪኑ «ከሥራችሁ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ነው» አለን። ናሙና እንዲያወጣልን የብረት ቱቦ ወደ ታች ብንሰድ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጭቃ ይዞ ወጣ። እዚያው ደግመን ብንሰድ ተጣሞ ባዶውን መጣ! አለቃዬን «የቱን ልመን?» ብላት፣ «ካርታውን የምትቀባው አንተ ነህ፣ ቁረጥ!» ብላኝ ምሳዋን ልትበላ ሄደች።

አንተ መሠረት ስታስቆፍር ግራ ከገባህ ዘለህ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለህ። እኔ የት ልግባ? በዚህ ሁሉ ውሃ ከእኛ በፊት ናሙና ያወጣ የለም፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ የእኔን ቀለም አምኖ ነው የሚሄደው። ለጭቃው ቡናማ፣ ለድንጋዩ ግራጫ ነው፤ እኔ ግን ይኸው ኮረብታውን ነጭ እንደተውኩት ተቀምጫለሁ።

የምጽፍብህ ፖስታ ካርድ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። እማዬ «ለመሆኑ ልጄ ከሥሩ መሬት አለው?» ብላ ከያዘችህ፣ አለው በላት። ምን ዓይነት እንደሆነ ከጠየቀችህ ግን ወሬ ቀይርባት።