ሳያሰማ አያጥብም

ሰኞ

አባባን መቱብኝ። ከከላላ ገበያ ወደ መካነ ሰላም ሲመለሱ፣ በሁለት ወገን ተኩስ መሀል ገብተው። ጥይቱ በቀኝ ደረታቸው ገብቶ በብብታቸው ወጣ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አድርሰናቸዋል፤ ደማቸው እጄ ላይ ደርቋል። ማን እንደተኮሰ አላውቅም። ባውቅ ዛሬ ሰው እገድል ነበር።

የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ወደ ሶላር ባትሪ የሚያዞረውን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ መብራት ሲሄድ ሳጥኑ ደርቆ ቀረ፤ አላዞር አለ። ነርሷ፣ ሲስተር አልማዝ፣ ሮጣ በእጇ አዞረችው።

"ሁልጊዜ እዚህ አልቆምልህም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቁስለኛው በዝቷል።

ማክሰኞ

ኢንተርኔት የለም። ደግነቱ ያለ ኢንተርኔት ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ነበር። በሲ ቋንቋ የተጻፈውን የሳጥኑን የድሮ ኮድ፣ ራስት በሚባለው የኮድ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፍልኝ አልኩት። መመሪያ ፋይሉ ላይ ያዘዝኩት፦ ፍጠን። አትጠይቀኝ። የማያስፈልገውን አጥፋ።

መብራት መጥፋቱን የሚለየው የኮዱ ክፍል ሠራ! ጮህኩ። ወዲያው መትረየስ ተንጣጣ፤ የመስኮቱ መስታወት ጭኔ ላይ ረገፈ።

ረቡዕ

ውሻ! ባትሪውን የሚያዞረውን ክፍል ሲጽፍ የትናንቱን አጠፋው። "አጽድቼዋለሁ" ይለኛል። ቅጂ አላስቀመጥኩም። ላፕቶፑን በቡጢ ነረትኩት። ሁለት ሦስት ቁልፎች ረገፉ፣ እጄ ተላጠ።

የአባባ አለንጋ ትዝ አለኝ። ሼህ ናቸው፣ ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ። ልጅ ሳለሁ ሉሄ ላይ፣ የእንጨት መማሪያ ሰሌዳዬ ላይ፣ የጻፍኩትን በቃሌ ሳላሰማቸው አጥቤ ሌላ ልጽፍበት ስል ያዙኝ። "ያላሰማኸውን ማን እጠብ አለህ?" እያሉ ጀርባዬን ተለተሉት። ስንት ቀን በሆዴ ተኛሁ። ጠልቻቸው ነበር። አሁንም ሳስበው ይነደኛል።

መመሪያውን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ፦ አንድ ክፍል ብቻ ጻፍ። ፈትሸህ አሰማኝ። ከተሳሳትክ ከመጀመሪያው ጀምር። በቃ ሳልልህ ምንም አታጥፋ።

ሐሙስ

ቀርፋፋ ሆነ፤ ያናድዳል። ግን አንዱ ክፍል ሳያልፍ ሌላውን አይነካም። "ፍተሻው ወድቋል፣ ከመጀመሪያው ልጀምር?" ይለኛል። ጀምር፣ አንተ እርጉም! ከሰዓት በኋላ ሁሉም አለፈ። ኮዱን ሳጥኑ ላይ ጫንኩት።

ግቢው ውስጥ አንድ ሬሳ በጋቢ ተሸፍኖ ተኝቷል። የሚወስደው ሰው አልመጣም። ሲስተር አልማዝ በአጠገቡ ስታልፍ "አብሽር፣ አባትህ ጠንካራ ናቸው" አለችኝ። እሷ ራሷ ግን ታለቅስ ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ተኩሱ ባሰበት። የመብራት መስመሩን በጥይት በጠሱት። ሲስተር አልማዝ ሌላ ክፍል ደም እያቆመች ነበር። ማሽኑ ዝም አለ። የአባባ ከንፈር ሲጠቁር አየሁ። ተነስቼ ሳልደርስ ሳጥኑ ጠቅ አለ፣ ማሽኑም ማጓራቱን ቀጠለ። መሬት ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። "አድምጠኝ" አሉ በኦክስጅን ጭንብሉ ስር። ድሮ የማሰማቸው እኔ ነበርኩ! ቁርኣን በቃላቸው መቅራት ጀመሩ። ሊሰናበቱኝ መሰለኝ። መሀል ላይ አንድ ቃል ዘለሉ።

ዝም ልበል? ለሞት የተቃረበ ሰው ይታረማል?

"ዘለሉ፣ አባባ" አልኳቸው።

አፍጥጠው አዩኝ። ጭንብሉን አስተካከሉ፣ አየሩን እያቃሰቱ ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ።