ኒሙን የት ልትከለው?

ነሐሴ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር

ዛሬም የደጁን ግድግዳ ሳጥብ አረፈድኩ። በፍልሰታ፣ በባዶ ሆዴ፣ የሰው የቱምባክ ትንባሆ ምራቅ ስፍቅ!

አሮጌውን የኒም ዛፍ ነፋስ ከጣለው ወዲህ ደጃችን ጥላ የለውም። ባለቤቴ ብርቄ፣ ነፍሷን ይማር፣ ለመንገደኛ ብላ ያቆመችው የውኃ ጋን ግን አለ፤ ዛሬም እሞላዋለሁ። ሰዉ ይጠጣና ቱምባኩን ከንፈሩ ሥር ወትፎ ግድግዳዬ ላይ ተፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱን የኒም ችግኝ ግቢ ውስጥ፣ ከመስኮቴ ሥር ልተክለው ቆርጬ ጉድጓድ ቆፈርኩ።

ሐጃ አምና የምትባለው ጎረቤቴ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ በልጄ ስም እየጠራችኝ፣ "ያ አቡ ሣራ፣ ኒሙን ልታስረው ነው?" አለችኝ።

"ውጭ ከሆነ ይተፉበታል፣ ሐጃ።"

"ይትፉበት! ኒም አይጸየፍም። ውኃው ፀሐይ ላይ ሊፈላ ነው? እንግዲያው ሻይ ቅጠል ጨምርበትና ይለቅ።"



ከሰዓት በኋላ አንድ የሪክሻ (የእኛ አገር ባጃጅ) ሹፌር ቆሞ ጠጣ። ውኃው ትኩስ ስለነበር ፊቱን አጨማደደ። ቢሆንም፣ "ጋኑን ያቆመውን አላህ ይማረው" አለ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ዞሮ ያጠብኩት ላይ ተፋ።

ማታ ለጸሎት ብቆምም ሐሳቤ ግድግዳው ላይ ነበር። የተጸየፍኩት ምራቁን ነው ወይስ ሰዎቹን? ብርቄ ያንኑ ግድግዳ ስታጥብ ኖራለች፤ አንድ ቀን ስታማርር አልሰማኋትም።

የመስኮቱን ሥር ጉድጓድ መልሼ ደፈንኩት። ውጭ ልቆፍር ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ምራቁን ሳየው ግን ወደ ቤት ተመለስኩ። ችግኙ አሁንም የመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።