ከጋቢው ሥር የተቀዳው ድምፅ

ጥቅምት 4

ለማንም የማልናገረውን ልጻፍ... ድምፄን ወደድኩት። የራሴን ድምፅ። ብቻዬን ሆኜ ስጽፈው እንኳ ያሳፍራል።

ሱቅ ውስጥ ሰው ካለ እስኪወጣ ደጅ ቆሜ የምጠብቅ ልጅ ነኝ። ሳሙና ስጡኝ ማለት ያቅተኛል። አክስቴ እትዬ ጽጌ ግን ጋቢያቸውን አከናንበውኝ፣ መቅጃውን አፌ ሥር አድርገው "በይ ውቤ" ሲሉኝ እናገራለሁ። ጋቢው የሚደረበው ቤቱ እንዳያስተጋባ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ሰው ስለማያየኝ ነው።

ዛሬ የዱቄት ፋብሪካውን ሥልጠና ቀድተን ጨረስን። ሠራተኞቹ በስልክ ወይ በኮምፒውተር ከፍተው ይሰሙታል፤ መጨረሻ ላይ ፈተና አለው። "ቀበቶው ሲይዝ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፋ። ቁልፉን ንቀል። ቁልፉ አንተ ኪስ ይግባ። ሌላ ሰው ኪስ አይደለም፣ አንተ ኪስ።" ይቺን ስንት ጊዜ እንዳስደገሙኝ። መሐል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ገባብን። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጋቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

እትዬ ጽጌ ጉሮሯቸውን ከታከሙ ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣላቸውም። ጆሮዬ ሥር ሆነው ነው የሚያርሙኝ።

"ለማን እንደምትናገሪ አስቢ። ማንበብ የማይችል ሰው ነው የሚሰማሽ። ከጥያቄ በኋላ ደግሞ ዝም በይ። አትቸኩይ። አንቺ ዝም ስትይ ነው እሱ የሚያስበው።"

ጥቅምት 7

መብራት የለም። ብርድ። እትዬ ጽጌ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው የድሮ ሥራቸውን አወሩኝ።

ሃያ ዓመት አልፏቸዋል በዚህ የሥልጠና ሥራ። ድሮ በሲዲ ነበር። የባንክ ገንዘብ ተቀባዮች ሐሰተኛ ብር እንዴት እንደሚለዩ... ከዚያ ኢንሹራንስ፣ ሆቴል፣ የአበባ እርሻ። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ሁሉም ወደዚያ ሄደ። ጽሑፉም፣ ሥዕሉም፣ ፈተናውም የራሳቸው ነው። ድምፁም የራሳቸው ነበር። ሳያዩ አይጽፉም። የዱቄቱንም ከመጻፋቸው በፊት ፋብሪካው ድረስ ሄደን፣ ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ የትኛው ቦታ ሰው እንደሚይዝ እየዞሩ ሲጠይቁ ዋሉ። እኔ ከረጢቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር።

አንዴ ሐዋሳ አንድ ባንክ ገብተው "ደኅና ዋልሽ" ሲሏት ገንዘብ ተቀባይዋ ብድግ አለች አሉ። "እርስዎ ነዎት እንዴ በሲዲው የሚቆጡን?" ብላ። ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል።

እኔንስ አንድ ቀን ሰው በድምፄ ያውቀኝ ይሆን? ከአገሬ ከገሳይ የመጣሁትን? ስምንተኛ ክፍል ሳልጨርስ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት የዋልኩትን?

ጥቅምት 19

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ካሳሁን ደወሉ። ሁሉም ሠራተኛ ፈተናውን አልፏል። የወደቀ የለም።

እትዬ ጽጌ "አንድም?" አሉ። ስልኩን ካስቀመጡ በኋላም ወደ መስኮቱ ዞረው ቀሩ። ለምን ደስ አላላቸውም? እኔ እንኳ ያ ሁሉ ሰው ሰምቶኛል ብዬ ልብስ ሳጥብ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ኅዳር 2

የይሻው እጅ...

ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 3

ይሻው የእማማ ጌጤ ልጅ ነው። ቤታቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ ነው። ፋብሪካው የገባው ዓምና። ትናንት ቀበቶው ያዘ። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ግን ሳይነቅል፣ የያዘውን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው አላየውም፣ ማሽኑን አስነሣው። ቀኝ እጁ ነው። ሆስፒታል ከክርኑ በታች ቆረጡት።

ቁልፉ አንተ ኪስ ይግባ... ያልኩት ለእሱ ነበር። ሰምቶ ነው የረሳው? ወይስ ደኅና አድርጌ አላልኩት ይሆን? ቸኩዬ ይሆን?

እህል አልቀመስኩም። እትዬ ጽጌም።

ኅዳር 11

ይሻው ከሆስፒታል ወጣ፤ ልንጠይቀው ሄድን። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል። የሚገባው ሁሉ አስቀድሞ ፋሻውን ያያል፣ ከዚያ ዓይኑን ይሰብራል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። እሱ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

እትዬ ጽጌ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። የእሳቸው ስለማይሰማ እኔ ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ዝም ባለበት... "እግዚአብሔር ይማርህ ይሻው፤ እትዬ ጽጌም ይማርህ ብለውሃል" አልኩ።

"አሜን። ማናት እሷ?" አለ ሳይዞር።

"ውብአለም ናት እኮ፣ የእትዬ ጽጌ" አሉ እማማ ጌጤ።

ያኔ ዞረ። "ውብአለም? ትናገራለች እንዴ? ዓመት ሙሉ በደጃችን ስታልፍ ድዳ መስላኝ ነበር። ድምፅዋን ዛሬ ገና ሰማሁት።"

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። እንደዚያ ሆኖ ይቀልዳል። እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ጽጌም። ተያየን።

ያንን ሥልጠና የሰማ ሰው ከእኔ ሌላ የሚሰማው ድምፅ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔ ነኝ።

ጠያቂው ሳሳ ሲል እትዬ ጽጌ ጎንበስ ብለው በጆሮው ጠየቁት። አልደበቀም። ሥልጠናውን ያልጨረሰ ሰኞ ሥራ አይገባም ተብለው ነበር። የአብዛኞቹ ስልክ ተራ ነው፣ ኢንተርኔት አይከፍትም። አለቃቸው አዳነ አዘነላቸው። ቢሮ ገብቶ፣ ኮምፒውተሩን ድምፅ አልባ አድርጎ፣ ስማቸውን እየጠራ የሁሉንም ፈተና ሠራላቸው። እሱ ማሽኑን ያውቀዋል፣ ምን ይከብደዋል። እነሱም በር ላይ ቆመው መረቁት።

"አዳነን እንዳትነኩብኝ፣ እትዬ" አለ ይሻው። "እንጀራዬን አተረፈልኝ እንጂ ምን በደለኝ?"



ኅዳር 14

አቶ ካሳሁን ቤታችን መጡ። ማር ይዘው።

ነገሩ በሽማግሌ ሊያልቅ ነው። ይሻው ሠልጥኖ፣ ፈተና አልፎ፣ ቁልፉን ሳይነቅል እጁን ከሰደደ ጥፋቱ የራሱ ነው ነው የሚሉት። ሽማግሌዎቹ ይህንን ከተቀበሉ ከሕክምናው በቀር የሚያገኘው የለም። እማማ ጌጤ ሌላ ልጅ የላቸውም።

"እርስዎ መናገርም የለብዎትም" አሏቸው እትዬ ጽጌን፣ በጣም በትሕትና። "ሥልጠናው ተሰጥቷል ወይ ሲባሉ ራስዎን ነቅነቅ ማድረግ ነው። ተሰጥቷል እኮ። ሐሰት የለበትም።" የከርሞውም ሥልጠና የእርስዎ ነው ብለው ጨመሩ።

እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማሩን ተቀብዬ ጓዳው በር ላይ ቆሜ አየሁ። ማሩን ሳልከፍተው መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

ኅዳር 15

አኩርፌያቸው ዋልኩ። ድሮም ስለማልናገር እስኪገባቸው ቆየ።

ከምሳ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ማኩረፍ እንኳ ከእሳቸው ጋር ተጠግቶ ነው...

"ድሮም አውቅ ነበር" አሉኝ። "ባንኩም ጋ፣ ሆቴሉም ጋ። 'ቀጥል' የሚለውን እየተጫኑ እንደሚያልፉት አውቅ ነበር። የሚከፍሉኝ ሠራተኛው እንዲያውቅላቸው አይደለም፤ ሠልጥኗል እንዲባልላቸው ነው። እኔ ግን አሳምሬ ከሠራሁት አንዱ እንኳ ቆም ብሎ ይሰማ ይሆናል እያልኩ..."

ትንፋሽ አጠራቸው። ጠበቅኩ።

"ሽማግሌ ፊት ወጥቼ ማንም አልሰማኝም ካልኩ፣ ዕድሜዬ ምን ላይ ዋለ ልበል ውቤ?"

ሐዋሳ ያለችዋ ሰምታለች ልላቸው ፈለግኩ። አፌ ላይ ቀረ። ሁልጊዜ አፌ ላይ ይቀራል።

ኅዳር 17

ውኃ ስንቀዳ ሰማሁ። ሠራተኞቹ ሽምግልናው ላይ ይመጣሉ፣ ግን የሚናገር የለም። አዳነን ያባርሩታል፣ እኛንም ያስወጡናል ነው ፍራታቸው። ይሻውም እውነቱን አይናገርም ማለት ነው። እትዬ ጽጌ ይነቀንቃሉ። ያልቃል። በቃ... እንዲህ ነው የሚያልቀው?

በጎኔ ጋደም ብዬ የተቀዳውን ድምፄን ከፍቼ ሰማሁት። ደኅና አድርጌ ነው ያልኩት። አልቸኮልኩም። እኔ ላይ አልነበረም ጥፋቱ... ግን ይህን ማወቄ ለይሻው ምን ያደርግለታል?

ኅዳር 18

እማማ ጌጤ የይሻውን ሸሚዝ ቀኝ እጅጌ አጥፈው ሲሰፉ አየኋቸው። ደጃቸው ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ። ደኅና ዋሉ አልኳቸው። ሰሙኝ።

ኅዳር 20

ሽምግልናው ነገ ነው። ጽዮን ማርያም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይራው ሥር።

ለእትዬ ጽጌ ነገርኳቸው። እንጨት እየደረደርኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። ፊታቸውን እያየሁ አልችልም ነበር። "ነገ እኔ እናገራለሁ" አልኩ። ይህን ብቻ።

ሂጂም አላሉኝ፣ ቅሪም አላሉኝ። ይህ ሥራ ከቀረ እሳቸው ምን እንደሚሠሩ አያውቁም። እኔም ወደ ገሳይ እመለሳለሁ። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ከሰዓት ጋቢውን ከመቅጃው ላይ አንሥተው በእጃቸው አጠቡት፣ አጥሩ ላይ አሰጡት። ልረዳቸው ስል ከለከሉኝ። "ጠዋት ይበርዳል፣ እለብሰዋለሁ" አሉ። ይመጣሉ ማለት ነው። ሲጠየቁ ይነቀንቁ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም እኔን ምን እንደምል አልጠየቁኝም።

ፈርቻለሁ። ይሁን።

ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት እቆማለሁ። ምንም ሳልከናነብ። አዳነን በስም አላነሣም። አቶ ካሳሁንን አልሰድብም። የቁልፉን ነገር ልክ እንደተቀዳው አድርጌ እላለሁ፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሬ እጠይቃለሁ። ይህን ድምፅ የምታውቁት እጃችሁን አንሡ ልል ነበር... ይሻው መሐላቸው ይቀመጣል። እጅ አንሡ አልልም። ይህን ድምፅ የምታውቁት ተነሡ እላለሁ።

ከዚያ ዝም እላለሁ። አልቸኩልም።