ከመሃል የሚጀመር ግድግዳ፦ የኡስታ ኔማት ሻዲየቭ የሕይወት ታሪክ

ኡስታ ኔማት ከአባታቸው ከኡስታ ሻዲ እና ከእናታቸው ከሶሊሃ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 እዚሁ ቡኻራ፣ ከዚህ መስጊድ ጀርባ ተወለዱ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትተው አባታቸው ጋ ሥራ ገቡ። ቤተሰቡ ሴራሚክ በኮከብ፣ በአምስት ጎንና በሮምበስ እየቆረጠ ግድግዳ የሚያለብስ የኡስታዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች ዘር ነው። አባትየው ቆጣ ይሉ ነበር አሉ፤ «ኔማት፣ መጀመሪያ መሃሉን! ከጥግ ከጀመርክ በሩ ጋ ስትደርስ ሮምበሶቹ ይስቁብሃል!» እሳቸውም ትልቁን ኮከብ መሃል ላይ ሳይተክሉ አንዲት ቁራጭ ለጥፈው አያውቁም።

በ1976 ሙሃባትን አገቡ። ልጅ ግን እምቢ አላቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቁ። በ1988 የዚህን መስጊድ የበር ግድግዳ ተረክበው ሊጀምሩ ሲሉ ሙሃባት ምጥ ጠናባቸው። ታናሽ ወንድማቸው ኢስታም «አካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ይሂዱ እንጂ! እኔ እያለሁ ምን ያሳስብዎታል?» አሏቸው። ሄዱ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ቆይተው ዲሎሮምን ታቅፈው ተመለሱ።

ለካ ኢስታም መሃል ላይ መወጣጫ እስኪቆም መጠበቅ ሰልችቷቸው ከቀኝ ጥግ ጀምረውት ኖሯል። የበሩ አናት ላይ ሲደርሱ አልገጠመም። ሮምበሶቹን ሞረዱ፣ ክፍተቱን በጀሶ ደፈኑ። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ጥርሱ የወለቀ አፍ? ማነው የሠራው?» ሲል፣ ኢስታም «የአካ ሥራ ነው፤ እኔ ጀሶ ነው ያቦካሁት» አሉ።

ኡስታ ኔማት «የአባታችን ልጆች ሲካሰሱ ሰው አይይ» ብለው ጥፋቱን ተቀበሉ። ከሥራው ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አራት ማዕዘን ሲደረድሩ ኖሩ፤ ከየትም ቢጀመር የሚገጥም ነገር። ኢስታም ዋና ኡስታ ተባሉ። ኡስታ ኔማት ወንድማቸውን የለመኗቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከጥግ የጀመርኩት እኔ ነኝ» ብለው በሰው ፊት እንዲናገሩ። ኢስታም በየበዓሉ የሩዝ ፕሎቭ ይዘው ይመጡ ነበር። ያቺን ቃል ግን ይዘው አልመጡም።

ኡስታ ኔማት የሴራሚክ አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶት ሁለት ዓመት ታመው፣ መጋቢት 9 ቀን 2021 አረፉ። «በዚያ በር ሥር እንዳታሳልፉኝ» ብለው ነበር። የሰፈሩ ጀናዛ ግን የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉና አሳለፍናቸው።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጃቸውን ዲሎሮምን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ኢስታምን ትተው ሄደዋል። ኢስታም ይኸው ከፊት ረድፍ ቆመዋል። ስትወጡ ሁላችሁም ቀና በሉና የበሩን አናት እዩ። ያ የኡስታ ኔማት እጅ አይደለም።

አላህ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፤ እኛ ሰዎች ያጠበብንባቸውንም ይካሳቸው።