የማይቃጠለው ጨርቅ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ሐኪሙ ጅማ የተነሳሁትን ራጅ አይቶ፣ «ባሕር ኃይል ሳሉ የመርከቡን ቧንቧ በምን ነበር የምትጠቀልሉት?» አለኝ። እሳት በማይበላው ነጭ ጨርቅ ነበር። «አስቤስቶስ ይባላል፤ ሳንባዎን የጎዳው የሱ ብናኝ ነው» አለኝ።

ከምጽዋ ለእረፍት ስመጣ ቁራጩን ለባለቤቴ ለወርቅነሽ ያመጣሁላት እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ ድስት ከእሳት ታወርድበታለች። ቤት ገብቼ ጣዪው ብላት አሻፈረኝ አለች።

«እሳት ያቃተውን ጨርቅ አንተ ልታጠፋው ነው?»

ይህች ሴትዮ ታሳብደኛለች። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ተጨቃጭቄ በመጨረሻ ነጠቅኳትና ጓሮ ቀበርኩት። ተመልሼ ቁጭ ስል እያጉረመረመች፣ «ደግነቱ ግማሹን ሺሺንዳ ለምትኖረው ልጃችን ልኬላታለሁ» አለችኝ። «የሕፃኑን ወተት ከእሳት ስታወርድ እጇ እንዳይቃጠል።»