በጓሮ የደረስኩት ለቅሶ

አንኮበር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓ.ም.

ለሰው የማልነግረውን እዚህ ላስፍረው። የወዳጄ የተክሌ እናት ካረፉ ወር አለፈ፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል ለቅሶ አልደረስኩም። ዛሬ ከአልዩ አምባ ገበያ ስመለስ በደጁ ለማለፍ አፍሬ አይራራ ወንዝን ተሻገርኩና ተራራውን በጥዱ ደን ዞርኩ። ከደኑ ወደ ቤቴ የሚያወጣው የላዩ መንገድ ግን ተንዶ ኖሮ፣ አሁን በዚያ የዞረ ሰው የሚያልፈው በተክሌ ጓሮ ነው። እስከ ጉልበቴ ርሼ፣ እያለከለክሁ ብቅ ስል ገብስ ሲያጭድ አገኘሁት።

«ሌላው በደህናው መንገድ መጣ፤ አንተ ለእማዬ ብለህ ይህን ገደል ወጣህ?» አለና ሚስቱን ጠራ። «ነይ እዪ፣ ወዳጅ ማለት ይህ ነው።»

አዎ አልኩ። አብሬው አለቀስኩ። ቤቴ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ሚስቴ አመሰገነችኝ።

እሑድ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ። ነገሬን ካስጨረሰኝ፣ የሚለኝን እዚህ እጽፋለሁ።